መኪናዎ በብርድ አልነሳ ሲልዎት



ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራማ ቦታ ላይ ስለምትገኝ ክረምቷ ከአሽዶድና ከረሖቮት ይልቅ ይበርዳል። እዚህ አገር ክረምት የሚባለው በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በብርድ ሌሊት የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይትም ይወፍራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ጎዳናም ሆነ በሌላ ሰፈር ደጅ ያደረ አሮጌ መኪና ጠዋት ላይነሳ ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቁልፉን ሲያዞሩ የሚሰማውን ድምፅ ያዳምጡ።

1. ዝም ካለ ወይም «ቀጭ» ብቻ ካለ፦ የፊት መብራቱን ያብሩ። ከደበዘዘ ባትሪው (በዕብራይስጥ «ማጽበር») ደክሟል፣ ወይም የገመዶቹ ማሰሪያ ላልቷል። መብራቱ ደማቅ ከሆነ ሞተሪኖውን ያስመርምሩ።

2. እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ነው።

3. በደንብ እየዞረ ካልተነሳ፦ ባትሪ አይግዙ። ነዳጅ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ ካንዴላውን ያስመርምሩ። መኪናው በናፍታ («ሶሌር») የሚሠራ ከሆነ የማሞቂያው ምልክት እስኪጠፋ ጠብቀው ያስነሱ።

ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ አይዙ፤ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፈው እንደገና ይሞክሩ።

ከጎረቤት መኪና ባትሪ ለማስነሳት፦ ሁለቱም ባትሪዎች 12 ቮልት መሆናቸውን ያረጋግጡ። ቀዩን ገመድ መጀመሪያ ከደከመው ባትሪ፣ ቀጥሎ ከደህናው ባትሪ የመደመር (+) ምልክት ጋር ያገናኙ። ጥቁሩን ከደህናው ባትሪ የመቀነስ (−) ምልክት ጋር ያገናኙ፤ ሌላውን ጫፍ ግን ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የራስዎ ሞተር ብረት ላይ ይሰኩ። የጎረቤትዎን መኪና አስነስተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና የራስዎን ያስነሱ። በአጠገቡ ሲጋራ አያጭሱ።

ይጠንቀቁ! ቁልቁለት ላይ ገፍተው ለማስነሳት አይሞክሩ፤ ሞተር ሳይሠራ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል። እንደ ኢትዮጵያ ጎዳና ባለ ጠባብ መንገድ እግረኛ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አያሙቁ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል።

ወደ መኪና ጠጋኝ («ሙሳኽ») ሲሄዱ አስቀድመው ባትሪውን እንዲለኩልዎት ይጠይቁ። ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ ሲከፍሉም ደረሰኝ («ካባላ») ይያዙ። ብዙዎቹ ጠጋኞች በሰንበት ስለሚዘጉ መኪናዎ ማቃሰት እንደጀመረ በሥራ ቀን ያሳዩት። የሚዘገዩ ከሆነ ደግሞ ለአሠሪዎ ወዲያውኑ ስልክ ይደውሉ።