ተከታይ ሞልቶ ተመልካች ሲጠፋ

በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ የሐበሻ ልብስ፣ የዘጌ ቡና ወይም የሐይቅ ዳር መኝታ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን የሚጠብቀው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ብቻ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ገጽ፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል፣ ቲክቶክ ላይ አካውንት አለው። እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ሲገናኙ የሚያነሱት ቅሬታም ተመሳሳይ ነው፦ ተከታይ አለን፣ የሚያየን ግን የለም። አንዱ ገጹ የተዘጋበት ይመስለዋል፤ ሌላው በኑሮ ውድነቱ ያሳብባል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ያለው እሱ በማያየው ቦታ፣ መተግበሪያው በተሠራበት ንድፍ ውስጥ ነው።

ፌስቡክ ለድርጅቶች ገጽ መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለገጹ አዲስ ጎብኚ ቀድሞ የሚያርፍበትን ክፍል ራሱ ይመርጥ ነበር፤ እዚያም ላይክ ላደረገ ሰው ቅናሽ እሰጣለሁ ብሎ ይጋብዛል። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ታይምላይን የተባለው አዲስ መልክ ሲመጣ ያ ማረፊያ ቀረ። በቦታው ሰፊ ፎቶ ተተካ፤ በፎቶው ላይ ግን ዋጋም አድራሻም መጻፍ ተከለከለ። ክልከላው የተነሳው በቀጣዩ ዓመት ነበር። ለውጡ ከታወጀ በኋላ ለድርጅቶች የተሰጠው መዘጋጃ ጊዜ አንድ ወር ብቻ ስለነበር፣ ለቀድሞው ማረፊያ ብዙ ገንዘብ ያወጡ ኩባንያዎች ሥራቸው መና ቀረ።

የመልኩ ለውጥ ግን ቢያንስ በዓይን ይታያል። ከባዱ የማይታየው፣ የደረጃ አሰጣጡ ለውጥ ነው። አንድ ሰው ፌስቡክን ሲከፍት ሊቀርቡለት የሚችሉት ጽሑፎችና ፎቶዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ግምት ይሠራል፦ ይህ ሰው ይህን ላይክ የማድረግ ዕድሉ ስንት ነው? አስተያየት የመጻፍስ? ለሌላ የማጋራትስ? ከዚያ እያንዳንዱን ዕድል በተመደበለት ነጥብ ያባዛል፣ ይደምራል፣ ውጤቱን ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ከድርጅቶች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ወሬ እንዲቀድም መወሰኑን ሲያስታውቅ የተቀየሩት እነዚህ ነጥቦች ነበሩ። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 እ.ኤ.አ. ካወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች እንደታወቀው፣ አንድ ላይክ 1 ነጥብ ሲያገኝ ቁም ነገር ያለው አስተያየት 30 ያገኝ ነበር። በግርድፉ ብናሰላው፣ መቶ ሰው ወዶት ዝም ብሎ ያለፈው የጥበብ ቀሚስ ፎቶ 100 ነጥብ ይዞ፣ አራት ሰዎች ከተከራከሩበት ባለ 120 ነጥብ ጽሑፍ በታች ይውል ነበር ማለት ነው።

ሸማቹን የሚያማርረው «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድም ከዚህ ጋር ይገናኛል። ዋጋው ካልተጻፈ ሰው «ስንት ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ አስተያየት ሆኖ ይቆጠራል። ነጋዴው ዋጋ የሚደብቅበት ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፣ ንድፉ ግን መደበቁን ይሸልምለታል። እኔ ይህን አልደግፍም፤ ገዢን አሰልችቶ የሚገኝ ነጥብ ሽያጭ አይሆንም። «ላይክ፣ ሼር አድርጉ» የሚለው ልመናማ ከታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጭራሽ ያስቀጣል፤ ፌስቡክ እንዲህ የሚለምኑ ጽሑፎችን ወደ ታች እንደሚያወርድ ያኔ አስታውቋል።

ቲክቶክ ደግሞ ስሌቱን ገለበጠው። ኩባንያው በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ አንድ ቪዲዮ ለማን እንደሚቀርብ ሲወሰን የተከታይ ብዛት በቀጥታ አይቆጠርም፤ ተመልካቹ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ማየቱ ግን ትልቅ ክብደት አለው። ስለዚህ ትናንት አካውንት የከፈተ የጣና ጀልባ አስጎብኚ ከትልቅ ሆቴል እኩል አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ሊታይ ይችላል። ዋጋው ግን ይህ ነው፦ የተወደደው ቪዲዮው ነው እንጂ ድርጅቱ አይደለም፤ የዛሬው ተመልካች ነገም እንዲመለስ የሚያስገድደው የለም። አርማውንና ስሙን አስቀድሞ ማሳየት የለመደ አስተዋዋቂ አሁን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ታንኳውን ውሃ ላይ፣ አሳውን መጥበሻ ላይ ማሳየት አለበት።

በነጻ መታየት ሲጠብብ መድረኮቹ የሚያሳዩት መውጫ ክፍያ ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ በመሆኑ እኛን በተለየ ይጎዳናል። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ነጋዴ በደላላ በኩል ይከፍላል፤ ደላላውም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ያው ማስታወቂያ፣ ያው ተመልካች፣ ወጪው ግን በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ነጋዴዎቻችን ቴሌግራምን የመውደዳቸው ነገር ስለዚህ አይገርመኝም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባሉት ቻናሎቹ የተለጠፈው ነገር ለአባሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደርሰዋል፤ መሃል ገብቶ የሚመርጥ የለም። እሱም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ታግደው ወራት ቆዩ፤ እገዳው በተነሳ በሳምንታት ውስጥ፣ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ጠፋ። ገበያውን ሁሉ በስልኩ መስኮት ያደረገ የባሕር ዳር ነጋዴ ያኔ ደንበኞቹ የት እንዳሉ እንኳ ማወቅ አልቻለም።

ስለዚህ ገጽ ያላችሁ ሁሉ፣ ዋጋችሁን በግልጽ ጻፉ፤ አንድ ጊዜ የገዛችሁን ሰው ደግሞ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን በራሳችሁ መዝገብ ላይ አስፍሩ፤ ዛሬውኑ ጀምሩ።