መስኮቱን ክፈቱት

የኮሮና ቫይረስ ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአገሩ ሁሉ ዓይን የካ ክፍለ ከተማ ላይ አረፈ፤ ሕሙማኑ የሚገቡት ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበርና። በዚያ ሰሞን ከመገናኛ የተነሳ ታክሲ ኮተቤ ሲደርስ ተሳፋሪው ወሬውን አቋርጦ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ይስብ ነበር። የታክሲው መስኮት ግን ጥርቅም ብሎ እንደተዘጋ ነው። ክፉው አየር ከውጭ የሚመጣ መስሎን ነበር፤ አደጋው ያለው እዚያው ውስጥ፣ ተጠጋግተን በምንተነፍሰው አየር ላይ ሆኖ ሳለ።

ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለተራዘመው ምርጫ ብዙ ተብሏል። ስለ መስኮት የተናገረ ግን ጥቂት ነው።

እጅ መታጠቡን በሚገባ ይዘነው ነበር። በየሱቁ ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ቆመ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የዳገት ሰፈሮች እናቶች በጀሪካን ካጠራቀሙት ላይ ከልብስ አጠባው ቀንሰው ለእጅ አዋሉት። ይህን ያደረገ ሕዝብ ምክር አይሰማም ሊባል አይገባውም። ችግሩ ምክሩ ዘግይቶ መሙላቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ወራት አጥብቆ የተናገረው ስለ እጅና በቅርብ ርቀት ስለሚወድቅ ጠብታ ነበር። በ2012 ክረምት መግቢያ 239 ሳይንቲስቶች ቫይረሱ በአየር ላይም እንደሚቆይ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ጻፉ፤ ድርጅቱም ቀስ በቀስ ተቀበለው። ሰው ሲናገር፣ ሲዘምር፣ ሲያስል የሚወጣው ደቃቅ ርጥበት በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደ ዕጣን ጢስ ይንሳፈፋል። መውጫ ካላገኘ ይከማቻል።

እኛ ዘንድ ደግሞ መስኮት መክፈት ቀላል ጥያቄ አይደለም። «ልጄ፣ ዝጋው፤ ብርድ መታኝ» ያሉትን እናት «አይ እማማ፣ ይከፈት» ብሎ የሚሟገት ወጣት የለም፤ ቢኖርም ታክሲው በሙሉ ይነሳበታል። ፍርሃቱን አልንቀውም። የእንጦጦ ከፍታ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ የሚወርደው የሌሊት ቁር በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ለሚኖር ሰው እውነተኛ ጠላት ነው። ነገር ግን ብርዱን ጋቢ ይመክተዋል። በሽተኛ የተነፈሰውን አየር ጋቢ አያወጣውም።

ይህን ከኮሮና በፊት ጠንቅቆ የሚያውቅ ቤት እዚያው እንጦጦ ሥር አለ። ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ መድኃኒት የተላመደው ቲቢ በአገራችን መታከም የጀመረውም እዚያው በ2001 ዓ.ም. ነው። ለቲቢ ክፍል ነርስ የተከፈተ መስኮት እንደ መድኃኒቱ የሥራዋ ክፍል ነው። ያ እውቀት ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቶ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ ቤቶች አለመውረዱ ያሳዝነኛል። የሚወስደው እኮ ገንዘብ አልነበረም።

መንግሥት መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከለከለ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ቤት የሌለው ሰው ቤቱ ሊቀመጥ አይችልምና። ሕመማቸው የቀለለ ሰዎች በየቤታቸው ተለይተው እንዲያገግሙ በተፈቀደ ጊዜ ግን ሌላው ጥያቄ መጣ፤ የቱ ክፍል? በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አልጋው በመጋረጃ ይጋረዳል። ከመጋረጃው ወዲህ እናት ሽሮዋን ታማስላለች፣ ሕፃናት ይተኛሉ። መጋረጃ ዓይንን እንጂ አየርን አይለይም። እንዲህ ላለ ቤት የሚጠቅመው ምክር ይህ ነበር፤ የታመመውን ሰው አልጋ ወደ መስኮቱ አስጠጉ፣ ትይዩ ያለውን በር ገርበብ አድርጉ፣ አስታማሚው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም በሽተኛውም ማስክ ያድርጉ፣ ብርዱን በልብስ ተከላከሉ። ከሰል የሚያያዝ ከሆነማ መስኮቱ ለሁለት ምክንያት ነው የሚከፈተው፤ በተዘጋ ቤት ያደረ የከሰል ምድጃ ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ አዲስ አበቤ ያውቃል።

አዲስ አበባ አየርን መጠርጠር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማዋን ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመሙ፤ በከተማዋ የሞተው ወደ 10,000 ሰው እንደሆነ ይገመታል። ቤተሰቡ በአንዴ ሲተኛ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋ ነበር። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን እየተባለ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። የቀረልን ሥርዓት ጭስ መሆኑ ግን ሳንባን አይጠቅምም፤ በዚያው ዕለት ሰፈሩ ተሰብስቦ የተቸነከሩና የዛጉ መስኮቶችን ቢጠግን ከጭሱ ይልቅ ያድነዋል።

ክትባቱ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተነገረ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እዚያው ኤካ ኮተቤ ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አበቃ እስካለበት እስከ ሚያዝያ 2015 ድረስ ኢትዮጵያ ከ7,500 በላይ ሞት መዝግባለች። ባልዲዎቹ ከየደጃፉ ተነስተዋል። ቲቢው ግን አልተነሳም፤ ጉንፋኑም በየክረምቱ ከክፍል ክፍል ይዞራል። የካ ውስጥ ቤት የሚያድስ፣ ትምህርት ቤት የሚያስገነባ፣ የጤና ጣቢያ ተራ መጠበቂያ የሚያዘጋጅ ሁሉ በሁለት ትይዩ ግድግዳ ላይ የሚከፈት መስኮት ያውጣ፤ የወላጅ ኮሚቴም ክፍያ ሲጠየቅ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቅ።