ከመፈረማችን በፊት፦ የ200 ዩኒፎርም ሒሳብ

ካኩማ ውስጥ ንግድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሱቅ ነው። ዱቄት፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ። እውነትም ሱቁ ብዙ ነው። በ2018 ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ባወጣው ጥናት በካምፑና በከተማው ከ2,000 በላይ ንግዶች ተቆጥረዋል። ከሱቁ ጎን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ አለ። እሱም ትእዛዝ ተቀብሎ ማቅረብ ነው፦ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ለስብሰባ ምሳ፣ ለቢሮ ወንበር። ይሄኛው በእጅ በእጅ አይሸጥም፤ በውል ነው የሚሠራው። ውሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይመጣል። እኔ አስተማሪ በመሆኔ ወረቀቱን ይዘው "ቲቸር፣ እስቲ ይቺን አንብብልን" የሚሉኝ ሰዎች አይጠፉም። የሚመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፈረሙ በኋላ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ገበያ ቀይሯቸው። አንድ የስፌት ማኅበር 200 ዩኒፎርም አንዱን በ900 ሺሊንግ ሊያቀርብ ተስማማ እንበል። ጠቅላላው 180,000 ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል፣ ሜትሩ 250 ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ 100,000 ይሆናል። ክርና ቁልፍ 8,000፣ ከኪታሌ ማጓጓዣ 9,000፣ ለሰፊዎች በአንድ ዩኒፎርም 150 ሒሳብ 30,000፣ መብራትና የማሽን ጥገና 5,000። ድምሩ 152,000። ትርፉ 28,000 መሰለ አይደል?

ቆይ። ውሉ ላይ "ክፍያ ኢንቮይስ በቀረበ በ30 ቀን ውስጥ" ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ብዙዎቹ አጋሮቻቸው የሚከፍሉት እንዲህ ነው፤ ዕቃውን ተረክበው፣ ደረሰኙን አይተው፣ ከዚያ ወር ቆይተው። ታዲያ የጨርቁን 100,000 አሁን ማን ያወጣዋል? ማኅበሩ ከጅምላ ነጋዴው በዱቤ ወሰደ፤ ነጋዴውም በዱቤ ሲሆን ሜትሩን 280 አደረገው። 400 ሜትር በ30 ሺሊንግ ሲጨምር 12,000 ነው። ትርፉ 16,000 ሆነ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ገጽ ግለጡት። "ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከጠቅላላ ዋጋው 1 በመቶ ይቀነሳል" የሚል መስመር ካለ፣ አንድ ቀን 1,800 ሺሊንግ ነው። ዝናብ ዘንቦ ደረቁ ወንዝ ሞላ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ የጭነት መኪናው ሎድዋር ላይ ቆመ። ይሄ ቱርካና ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። 10 ቀን ከዘገያችሁ 18,000 ሄደ። ወር ሙሉ ሰፍታችሁ 2,000 ሺሊንግ ከኪሳችሁ ጨመራችሁ! ይህንኑ ሒሳብ ስለ መቶኛ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ሰጥቻቸው ነበር። አንዷ ልጅ ሠርታ ስትጨርስ "ታዲያ ለምን ይሰፋሉ?" አለች። እኔ ደግሞ መስፋቱ አይደለም ችግሩ እላለሁ። ችግሩ 900 የተባለው ዋጋ የተሰጠው እነዚህ ሁለት መስመሮች ሳይነበቡ መሆኑ ነው።

መስመሮቹ ደግሞ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ አይደሉም። ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይቻላል። ቅድመ ክፍያ እንቢ ካሉ "100 ዩኒፎርም ስናስረክብ የ100ውን ክፈሉን" ማለት አለ። ቅጣቱ ካልቀረ "ከ5 በመቶ አይበልጥም" የሚል ጣሪያ ይጨመርበት። መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥም ቀኑ እንዲራዘም ይጻፍ። እዚህ ላይ ከአገራችን ልማድ የምንለይበት ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያትን ውሉ ባይጠቅሰውም እንኳ ያውቀዋል። በኬንያ ግን በዚህ ስም መከላከል የሚቻለው ውሉ ውስጥ ከተጻፈ ነው። ካልተጻፈ ማስረዳቱ በጣም ይከብዳል።

ቀብድም እንዲሁ ነው። እኛ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ እንደሚቀርበት፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ እንደሚመልስ ከቤት ሰምተን ነው ያደግነው፤ የአገራችን ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው። እዚህ "እጥፍ መልስልኝ" ብትሉት ነጋዴው ይስቃል። ስለዚህ ለጨርቅ ነጋዴ ገንዘብ ስትልኩ ዕቃው ካልመጣ ምን እንደሚሆን በአጭሩም ቢሆን ጻፉ። የኤምፔሳ መልእክት ገንዘቡ መሄዱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። በቃል የተደረገ ስምምነት እዚህም ዋጋ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያስገድዳል። ግን ምስክራችሁ በሰፈራ ወደ ካናዳ ከበረረ በምን ታስረዳላችሁ? በኬንያ ሕግ የውል ክስ እስከ 6 ዓመት ድረስ ሊቀርብ ይችላል፤ ወረቀቱን ከዝናብና ከምስጥ ማዳን የእናንተ ፋንታ ነው።

ስለ ግዢ ደግሞ። አገር ቤት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ ሲባል አንድ ነጋዴ የሦስት ሱቅ ማኅተም ከመሳቢያው የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። ያ ለፋይል ነው፣ ለእናንተ አይጠቅምም። ዋጋ የምትጠይቁት የእውነት ለማወዳደር ከሆነ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፤ የጨርቁ ዓይነት፣ ቀለሙ፣ ስንት ሜትር፣ ካኩማ ድረስ ያመጣል ወይስ ኪታሌ ላይ ያስረክባል፣ 16 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት ወይስ የለበትም። 250 ያለው ሰው ታክሱን ሲደምርበት 290 ይሆናል። 270 ብሎ ሁሉንም ያካተተው ይሻላል ማለት ነው። ናሙና ሳትቆርጡ፣ በውኃ ሳታጥቡ ደግሞ አትዘዙ። ቀለሙ ከለቀቀ የሚመለሰው የእናንተ ዩኒፎርም ነው።

ጨርቁ ሲመጣ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ሜትር ሳትለኩ የመረከቢያውን ወረቀት አትፈርሙ። 390 ከሆነ "390 ብቻ ተረክበናል" ብላችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ፎቶ አንሱት።

ማን ይፈርማል የሚለው ጉዳይ ከባድ ነው። ማኅበሩ ካልተመዘገበ በሕግ ፊት ማኅበር የለም፤ የፈረመችው ሴትዮ ናት ያለችው። ዕዳውም ቅጣቱም እሷን ነው የሚፈልገው። ብዙ ማኅበራት እንግሊዝኛ የሚችለውን ልጅ "አንተ ፈርምልን" ይሉታል፣ እሱም ደስ ይለዋል። ይሄ ልክ አይመስለኝም። መጀመሪያ መመዝገብ፣ የካውንቲውን የንግድ ፈቃድ ማውጣት፣ የግብር ቁጥር መያዝ፤ ያለዚያ ትልልቆቹ ገዢዎች ጋር ዋጋ ማቅረብም አይቻልም። በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ሥራና ንግድን በተመለከተ ከበፊቱ የሰፋ በር ከፍቷል፣ ወረቀቱ ግን አሁንም ጊዜ ስለሚወስድ ጨረታ እስኪወጣ አትጠብቁ። በውስጥ ደግሞ የሚያዘው፣ የሚረከበውና የሚከፍለው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ይህ አለመተማመን አይደለም። በዕቁብም ዳኛው ከጸሐፊው ይለያል እኮ።

አንድ ነገር ልጨምር። "5,000 ላኩና ጨረታው ውስጥ ላስገባችሁ" የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለጨረታ ሰነድም ለአቅራቢነት ምዝገባም ገንዘብ አይጠይቁም።

ዕቃውን ስታስረክቡ የሚጠየቁት ሦስት ወረቀቶች የማዘዣው ደብዳቤ፣ የተፈረመበት የመረከቢያ ወረቀትና ኢንቮይሱ ናቸው። በሦስቱም ላይ ቁጥሩና የማኅበሩ ስም አንድ መሆን አለበት። በማዘዣው ላይ "ሰላም የስፌት ማኅበር" ተብሎ በባንክ ደብተሩ "ሰላም ስፌት" ከሆነ ክፍያው ቆሞ ይቀራል። 30ው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ኢንቮይሱ ከገባበት ቀን ነው፣ ዕቃው ከወረደበት አይደለም። ስለዚህ በዚያው ቀን አስገቡት፣ የእናንተው ቅጂ ላይም የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን አስጽፉ።