ብስክሌት በዳገትና በቁልቁለት

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ለአዊ ሰው ስለ ፈረስ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የፈረሰኞች በዓልም በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የዘመቱትን ጀግኖችና ፈረሶቻቸውን ያስታውሳል። ስለዚህ ስለ ፈረስ አናስተምራችሁም። የምንነግራችሁ ሣር ስለማይበላ፣ ውሃም ስለማይጠጣ ፈረስ ነው። እርሱም ብስክሌት ነው።

ብስክሌት ምንድን ነው?

ብስክሌት ሁለት ጎማ፣ አንድ ኮርቻ፣ አንድ መሪና ሁለት መርገጫ አለው። ነዳጅ አይፈልግም። የሚሄደው በሰው እግር ጉልበት ነው። የብስክሌት አባት የሚባለውን መሣሪያ በ1809 ዓ.ም. የሠራው ካርል ድራይስ የተባለ የጀርመን አገር ሰው ነው። ያ መሣሪያ ከእንጨት የተሠራ ነበር። መርገጫም ሰንሰለትም አልነበረውም። ሰውየው ተቀምጦበት መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። መርገጫና ሰንሰለት የተጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

በአገራችንም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ ነው። ያን ጊዜ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የማይጨው ተወላጅ ፅጋቡ ግርማይ፣ ቱር ደ ፍራንስ በተባለው የፈረንሳይ ታላቅ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ውድድር ታላላቅ ተራሮችን የሚያቋርጥ ነው።

አገር ለማየት የሚጋልቡም አሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብፅ ከካይሮ ተነሥተው ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ድረስ በብስክሌት የሚጓዙ ሰዎች ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ተራሮች አልፈዋል። መንገዱ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አራት ወር ያስኬዳል። «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መኪና የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። መኪና አለ። ነገር ግን በመኪና የሚሄድ ሰው አገሩን በመስኮት ያያል። ብስክሌተኛው ግን ከእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ቆሞ ያያል፤ ገበሬውን «እንደምን ዋላችሁ?» ይላል፤ ሲርበው ከመንገድ ዳር ምሳ ይገዛል።

ዳገት እንዴት ይወጣል?

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ዳንግላ 2100 ሜትር፣ ቻግኒ ደግሞ 1600 ሜትር ገደማ ናቸው። ስለዚህ ከዳንግላ በአዲስ ቅዳም አድርጎ ወደ እንጅባራ የሚመጣ ብስክሌተኛ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ከቻግኒ ቆላ የሚመጣው ግን ብዙ ዳገት ይጠብቀዋል።

አህያ ጭነት ይዛ አቀበት ስትወጣ አይታችኋል። ቀጥ ብላ አትወጣም። ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዘች ትወጣለች። መንገዱ ይረዝማል፤ ጉልበቱ ግን ይቀላል። መንገድ የሚሠሩ መሐንዲሶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የተራራ መንገድ የሚጠማዘዘው ለዚህ ነው። ባቡር ደግሞ ከመኪናም የባሰ ነው፤ ዳገት ፈጽሞ አይወድም። ስለዚህ የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋበት መንገድ በጣም የተስተካከለ መሆን አለበት። እንደ ስፔን ባሉ አገሮች ሥራ ያቆመ ባቡር ሐዲዱ ተነቅሎ፣ መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተሰጥቷል። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ሽማግሌም ልጅም ሳይቸገር በብስክሌት ይሄዳል።

በእኛ ተራራ እንዲህ ያለ መንገድ ከሌለ ማርሽ ይረዳል። አንዳንድ ብስክሌት ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ትንንሽና ትልልቅ ጥርሶች አሉት። ለዳገት ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ይመረጣል። ያን ጊዜ እግር ብዙ ይዞራል፤ ብስክሌቱ ግን ጥቂት ይሄዳል። አንድ ኩንታል እህል በአንዴ ከመሸከም በቁና እያደረጉ ማመላለስ ማለት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ወገብ ግን አይሰብርም። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ከሆነ ወርዶ መግፋት ነው። ነውር የለበትም። ፈረሰኛም ቢሆን ገደል ሲገጥመው ወርዶ ይስባል።

ቁልቁለቱ ግን ይገድላል

ዳገት ላቡን ያስጠፈጥፋል እንጂ ሰው አይገድልም። ሰው የሚሞተው ቁልቁለት ላይ ነው። ለምን?

ፈረስ ይፈራል። ገደል አፋፍ ሲደርስ ጆሮውን አቁሞ ቀጥ ይላል። ጌታው ቢገርፈው እንኳ አልሄድም ይላል። ጌታው አረቄ ጠጥቶ ከገበያ ሲመለስ ፈረሱ መንገዱን ያውቃል፤ ቤቱ ያደርሰዋል። ብስክሌት ግን አይፈራም። ገደልና ሜዳ ለእርሱ አንድ ነው። ስለዚህ የብስክሌቱንም ፍርሃት መፍራት ያለበት ሰውየው ነው።

በቁልቁለት ላይ ብስክሌት ሳይረገጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል። ከሚጋልብ ፈረስ አያንስም። ይህ ማለት በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር፣ በክንድ ቢለካ 28 ክንድ ገደማ ነው። ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ስንት ክንድ እንደሚሄድ አስቡት!

ሌላም ነገር አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ለማቆም የሚያስፈልገው ቦታ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀስ ሲል በ4 እርምጃ የሚቆም ብስክሌት፣ እጥፍ ከፈጠነ 16 እርምጃ ይፈልጋል። ፍጥነቱ አሁንም እጥፍ ከሆነ 64 እርምጃ ይፈልጋል። ኩንታል ወይም ሌላ ሰው የተጫነበት ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።

የብስክሌት ልጓሙ ፍሬን ነው። በብዙ ብስክሌት ላይ ፍሬን ማለት በሽቦ የሚሳብ ላስቲክ ነው። መያዣውን ስትጨብጡ ላስቲኩ የጎማውን ብረት ይይዛል። እስቲ ሁለት መዳፋችሁን አጥብቃችሁ እሹ። ሞቀ አይደል? ፍሬንም እንዲሁ ይሞቃል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቁ ከያዙት ብረቱ ይግላል፤ የውስጡን ጎማ እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ዝናብ ሲዘንብም ብረቱ ይረጥብና ላስቲኩ ያዳልጠዋል። በአዊ ክረምት ደግሞ የዝናቡን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ።

ታላቁን የአባይን በረሃ ለምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ ብስክሌተኛ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱና ዳገቱ በአንድነት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ላይ ፍሬን የተበጠሰበት ሰው የሚይዘው የለውም።

ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመር በፊት እነዚህን ማድረግ ያስፈልጋል፦

1ኛ. ወርዶ የፍሬኑን ሽቦና ላስቲክ ማየት። ሽቦው ከሳሳ፣ ላስቲኩ ካለቀ እየገፉ መውረድ ይሻላል።

2ኛ. ፍጥነቱ ሳይበረታ ገና ከመጀመሪያው መያዝ። ከበረረ በኋላ መያዝ ይቸግራል።

3ኛ. ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ። በየመካከሉም ቆሞ ብረቱን ማብረድ።

4ኛ. ሁለቱንም ፍሬን አብሮ መያዝ። የፊቱን ብቻ በድንገት የጨበጠ ሰው በመሪው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል።

5ኛ. ከመጠምዘዣው በፊት ፍጥነት መቀነስ። ከመጠምዘዣው ወዲያ መኪና ይሁን ከብት ማን ያውቃል?

6ኛ. አረቄም ጠላም ጠጥቶ ብስክሌት ላይ አለመውጣት። ብስክሌት እንደ ፈረስ ቤት አያደርስምና!

መንገድ ዳር ያለው ሰውስ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተጓዡ ነው። ነገር ግን የተጓዡ ሕይወት በእጁ ብቻ አይደለም። መንገድ ዳር ባለ ሰው እጅም ነው።

በአገራችን መንገዶች በብስክሌት ያለፉ ብዙ ተጓዦች ሁለት ነገር ጽፈዋል። አንደኛው የሰውን ደግነት ነው። ቡና እንደ ቀረበላቸው፣ ማደሪያ እንደ ተሰጣቸው ያነሣሉ። ሁለተኛው ግን ያሳፍራል። ልጆች ድንጋይ እንደ ወረወሩባቸው ይናገራሉ። ልጁ ጨዋታ ይመስለዋል። ዱላ ወደ ጎማው መሰንዘርም ጨዋታ ይመስለዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ግን ትንሽ ጠጠር ስትመታው መሪውን ይስታል። መሪ ከሳተ ገደል ነው፤ ወይም የመኪና ጎማ ሥር ነው። ልጁ ሳያውቅ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል።

ደግሞም ብስክሌተኛ ሁሉ የውጭ አገር ሰው አይደለም። ዛሬ የሚያልፈው እንግዳ ከሆነ፣ ነገ የሚያልፈው ከዳንግላ ትምህርት ቤት የሚመለስ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ድንጋይ ዘመድና ባዳ አይለይም።

እንግዲህ እናትና አባት ልጆቻቸውን ይምከሩ። እረኛ ብስክሌት ሲመጣ ሲያይ ከብቱን ወደ አንድ ወገን ይያዝ። እግረኛ ደወል ሲሰማ በድንገት አይሻገር፤ ባለበት ይቁም። ብስክሌተኛውም ሰውና ከብት ሲያይ አስቀድሞ ይደውል፣ ፍጥነቱን ይቀንስ። ሁለቱ ወገኖች ሲተሳሰቡ ሁሉም በደኅና ቤቱ ይገባል።

አያቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት፣ ሥራው የሰውየው ነው ሲሉ ነው። ብስክሌትም ያደርሳል እንጂ አያስብም። ማሰቡ የእኛ ነው።

ለውይይት

1. ዳገት ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ቁልቁለት የሚያደርሰው ለምን ይብሳል?

2. ፈረስና ብስክሌት በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

3. በሠፈራችሁ ብስክሌተኛ በፍጥነት የሚወርድበት አደገኛ ቁልቁለት የትኛው ነው?

4. ልጆች በተጓዥ ላይ ድንጋይ እንዳይወረውሩ በመንደራችሁ ምን ማድረግ ይቻላል?