ወርቁ ሲቀነስ ጥንካሬው ይጨምራል
ከጨንቻ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ የተቀመጠ አንድ ሸማኔ፣ ለክፉ ቀን ያጠራቀማትን ጥሪት ወደ ወርቅ ሊለውጥ ፒያሳ ወረደ እንበል። ሁለት ቀለበት ይቀርብለታል። ሁለቱም 10 ግራም ይመዝናሉ፤ አንዱ 21፣ ሌላው 18 ካራት ነው። የሚያዋጣው የትኛው ነው?

እንደሚታወቀው ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀለበት 8.75 ግራም፣ በሁለተኛው 7.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብና ብር ነው። ገዢው 1.25 ግራም ወርቅ ቢያጣም በምትኩ ጥንካሬ ያገኛል።

ለመሆኑ ንጹሕ ወርቅ ለምን ይለመጣል? ምክንያቱ የኤሌክትሮኖቹ አሰላለፍ ነው። ወርቅ 79፣ ብር 47፣ መዳብ 29 ኤሌክትሮኖች ቢኖሯቸውም፣ ሦስቱም በውጨኛው ንብርብር ላይ የሚይዙት አንድ አንድ ብቻ ነው። ይህ ኤሌክትሮን ከአንድ አቶም ጋር ሳይታሰር የሁሉም የጋራ ሀብት ሆኖ ይዘዋወራል። ማያያዣው አቅጣጫ ስለማይመርጥ የአቶሞቹ ረድፍ ሲገፋ ሳይሰበር ይንሸራተታል።

የመዳብ አቶም ከወርቁ በ11 ከመቶ ያህል ያንሳል። በመካከል ሲገባ ረድፉ ይዛነፋል፤ በድሩ ውስጥ ቋጠሮ ሲገጥመው መወርወሪያ እንደሚያዝ ሁሉ መንሸራተቱም ይገታል። ብር ግን እንዲህ አያደርግም። ከባዱ የወርቅ እምብርት ኤሌክትሮኖቹን ወደ ውስጥ አጥብቆ ስለሚስብ፣ የወርቅና የብር አቶሞች መጠናቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብር የበዛበት 18 ካራት ገርጣ ብሎ ይለሰልሳል፤ መዳብ የበዛበት ቀላ ብሎ ይጠነክራል።

ይህ ለአገራችን ገበያ አዲስ አይደለም። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጠገራም 835 ነበር። ከእጅ እጅ ሲዞር ቶሎ እንዳይሳሳ ያገዘው መዳቡ ነው።

እንግዲህ በጥርስ ነክሶ ወርቅ መግዛት አያዋጣም፤ እርሳስም ይለመጣል። ጥንካሬም የንጽሕና ምስክር አይሆንም። ለዘወትር ጌጥ መዳብ ያለበት 18 ካራት ይበረክታል። ለጥሪት ከሆነ 21 ካራቱ ይሻላል፤ ሲሸጥ የሚቆጠረው ንጹሑ ወርቅ እንጂ ጥንካሬው አይደለምና። የሁለቱንም ማኅተም አይቶ፣ አስመዝኖና ደረሰኝ ተቀብሎ መውጣት የገዢው ፋንታ ነው።