የኀይለኛ ሰው ጠባይ፤ የሚያለማውና የሚያጠፋው

የሰው መልኩ እንደሚለያይ ጠባዩም ይለያያል። የአገራችን ሊቃውንት ሰው ከእሳት፤ ከነፋስ፤ ከውሃና ከመሬት ባሕርይ ተፈጠረ ብለው ያስተምራሉ፤ ቍጡውንም ሰው የእሳት ባሕርይ የበዛበት ይሉታል። የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ደግሞ ይህንኑ ጠባይ የሐሞት ብዛት ያመጣዋል ይሉ ነበር። እኛም እስከ ዛሬ ደፋሩን ሰው ሐሞተ ኮስታራ እንለዋለን። የዛሬ ሕክምና የሐሞቱን ነገር አይቀበለውም፤ ነገር ግን ለመቍረጥ የሚፈጥን፤ መታዘዝን የሚጠላ፤ በልቡ ያለውን የማይሸሽግ ኀይለኛ ሰው በየቤቱ መኖሩን ማንም አይክድም።

ይህ ጠባይ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። በባሕር ዳር ያለ ሰው ምሳሌውን በዓይኑ ያየዋል። ዐባይ ከጣና ሲወጣ ዝግ ብሎ ይፈሳል፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጢስ ዐባይ ሲደርስ ግን ከገደል እየተወረወረ ያገሣል። ያንኑ ውሃ በቦይ ቢመሩት የኤሌክትሪክ መብራት ወጣበት። ኀይሉ አንድ ነው፤ የሚለየው አመራሩ ነው።

ከሰው ወገን ደግሞ ከጣና በስተምዕራብ፤ ከቋራ ከተነሡት ከዐፄ ቴዎድሮስ የሚበልጥ ምሳሌ አናገኝም። በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ በመሳፍንት የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ፤ ገበሬው ወደ እርሻው፤ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ ዐወጁ። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ መንገዱን ለመጥረግ ከወታደሩ ጋራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ይህ የኀይለኛነት መልካሙ ፍሬ ነው።

ክፉውን ፍሬ ደግሞ የጣና ዳርቻ አይቶታል። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ስላጣ ተቈጡ፤ ቈንስሉንም አሰሩ። ኋላ ራሳም የተባለው መልእክተኛ ሲመጣ በክብር ተቀብለው በቈራጣ አስቀመጡት፤ እስረኞቹንም ፈቱለት። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ግን ለስንብት በታንኳ ወደ ዘጌ ቢሻገር፤ ጥርጣሬ በልባቸው ገብቶ ነበርና ያዙት። በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን አስዘረፉ፤ አቃጠሉም። በመቅደላም ሊሞቱ አራት ቀን ሲቀራቸው በቍጣ ብዙ እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የገዛ ነፍሳቸውን አጠፉ።

በዚህ መካከል ምን ጐደለ ብለን እንጠይቅ። ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚሉት ቍጣቸውን ያበርዱላቸው ከነበሩት ሰዎች ዋነኞቹ ሚስታቸው ተዋበችና ወዳጃቸው ሊቀ መኳስ ጆን ቤል ነበሩ። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ቤልም በ1853 ዓ.ም. በጦርነት ሞተ። የንጉሡ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፤ ከዚያ በኋላ «ጃንሆይ፤ ይህ አይሆንም» ብሎ የሚደመጥ ሰው እየጠፋ ሄደ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህ የቤተ መንግሥት ነገር ብቻ አይደለም። እኛ በችሎት የባልና የሚስት ክርክር ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የዱላን ነገር ሳይሆን የዝምታን ነገር ነው። ጌታው ሲገባ ልጆች ጨዋታቸውን የሚያቋርጡበት፤ የተሰበረ ዕቃ የሚደበቅበት፤ ሁሉም «እሺ ጌታዬ» ብቻ የሚልበት ቤት አለ። ጌታው ይህን ክብር አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ፍርሃት ነው። መልካሙ ኀይለኛ ስለ ተበደለው ደካማ ይቈጣል፤ ነገሩም ሲያልቅ ቍጣው ያልቃል። ክፉው ስለ ገዛ ክብሩ ይቈጣል፤ ነገሩም ካለቀ በኋላ ቂሙን ያሳድራል።

ስለዚህ በቤቱም በሹመቱም ኀይለኛ የሆነ ሰው እውነቱን የሚነግረው አንድ ሰው ይኑረው፤ ስለ ነገረውም አይቅጣው። በተቈጣ ጊዜ አይፍረድ፤ ነገሩ አድሮ ይታይ። ልጁም ኀይለኛ ቢሆን በዱላ አይስበረው፤ ታናሾቹን እንዲጠብቅና የጀመረውን እንዲፈጽም አደራ ይስጠው እንጂ። ቦይ ያልተቀደደለት ውሃ ማሳውን ጠርጎ ይሄዳል፤ የተቀደደለት ግን ያጠጣዋል።