ዓይኖቹን ቁጠሩ
የካቲት 23 ሲመጣ ስልካችን በዓድዋ ሥዕል ይጥለቀለቃል። ላይክ አድርገን እናልፋለን። እስቲ ዘንድሮ በሁለት ጣት ሰፋ አድርጉትና ዓይኖቹን ቁጠሩ። በልማዳዊው አሣሣል ኢትዮጵያውያኑ በብዛት ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ጣሊያኖቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልማዱ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ቅዱሱ ባለ ሁለት ዓይን፣ ሰይጣን ባለ አንድ። ከላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ አለ፤ የ1888ቱ ጦርነት የዋለው በጊዮርጊስ ቀን ነዋ!

ኢኮኖሚክስ ስማር ግራፍ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው መስመሮቹ ምን እንደሚለኩ ነበር። ሥዕልም እንደዚያው ነው። ቋንቋው ካልገባን ሠዓሊው በቀለም የጻፈው ፍርድ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ለፕሮፋይል ስትቆርጡትም ቀስ በሉ፤ የወጣው ዋናው ሐሳብ ሊሆን ይችላል።